በር ሲዘጋባቸው በር የሠሩ ሐኪሞች

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው” ይላሉ አበው። እድር ላቋቋመ፣ እቁብ ለሰበሰበ፣ የሞተ ወገኑን አስከሬን በመዋጮ ወደ አገሩ ለላከ ስደተኛ ይህ አባባል ማብራሪያ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ በዚያው በአሜሪካ ምድር፣ እጅግ በከፋ ዘመን፣ ሌላ ሕዝብ ይህንኑ ምሳሌ በሥራ ተርጉሞ ልጆቹን ሐኪም እንዳደረገ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

በዋሽንግተን ዲ.ሲ. ከዩ ስትሪትና ከዘጠነኛው መንገድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተነስቶ በጆርጂያ አቬኑ ሽቅብ ለተራመደ ሰው፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሀዋርድ ዩኒቨርስቲ ሆስፒታል ይታየዋል። በዚያ ደጅ በየቀኑ የሚያልፈው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። የሆስፒታሉና የሕክምና ትምህርት ቤቱ ታሪክ ግን ከሕንፃው እጅግ የሰፋ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን አንዱ በር ሲዘጋባቸው ሌላ በር እየሠሩ፣ እሱም ሲዘጋ እንደገና እየሠሩ ሐኪሞቻቸውን ያፈሩበት የ200 ዓመት ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው በር፦ ትምህርት ቤት

ጄምስ መኩን ስሚዝ በ1813 በኒውዮርክ ከባሪያ እናት ተወለደ። በከተማው በነበረው የአፍሪካውያን ነፃ ትምህርት ቤት ሲማር በጉብዝናው የታወቀ ነበር። ሐኪም ለመሆን ሲያመለክት ግን የአሜሪካ ኮሌጆች በቆዳው ቀለም ምክንያት መለሱት። ወጣቱ ተስፋ ቆርጦ እንዳይቀር ያደረጉት የኒውዮርክ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ቄስና የባርነት ተቃዋሚዎች ነበሩ። ገንዘብ አዋጥተው በመርከብ ወደ ስኮትላንድ ላኩት። በግላስጎው ዩኒቨርስቲ ተምሮ በ1837 የሕክምና ዶክትሬት ሲያገኝ፣ ይህን ማዕረግ የተቀበለ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። ወደ ኒውዮርክ ተመልሶም መድኃኒት ቤት ከፈተ፤ ለ20 ዓመት ገደማ የጥቁር ሙት ልጆች ማሳደጊያ ሐኪም ሆኖ አገለገለ።

በአገር ውስጥ የቀሩት የገጠማቸው ዕጣ ከዚህ የከፋ ነበር። በ1850 የሀርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሦስት ጥቁር ተማሪዎችን ተቀበለ። ከእነርሱም አንዱ በኋላ በጸሐፊነቱና በታጋይነቱ ስሙ የገነነው ማርቲን ዲላኒ ነበር። ነጭ ተማሪዎች ተሰብስበው የተቃውሞ ፊርማ አቀረቡ። ትምህርት ቤቱም ፊርማውን ተቀብሎ፣ ሦስቱ ተማሪዎች ከክረምቱ ትምህርት በኋላ እንዳይመለሱ ወሰነ። እንግዲህ ችሎታ ጎድሏቸው አልነበረም። ከጎናቸው የሚቆም ሰው በቁጥር ማነሱ ነው።

የማታው ትምህርት ቤት

አሌክሳንደር ኦገስታ በ1825 በቨርጂኒያ የተወለደ ነፃ ጥቁር ነበር። በቨርጂኒያ ጥቁር ማንበብ መማሩ በሕግ በሚከለከልበት ዘመን በስውር ማንበብ ተማረ፤ በፀጉር አስተካካይነትም ይተዳደር ነበር። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርስቲ ሲመልሰው ወደ ካናዳ ተሻግሮ በ1856 በቶሮንቶ ተመረቀ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ አመልክቶ በ1863 የሻለቃነት ማዕረግ ያለው የጦር ሐኪም ሆነ። በእርሱ ሥር የተመደቡ ነጭ ረዳት ሐኪሞች “ከጥቁር ትእዛዝ አንቀበልም” ብለው እስከ ፕሬዚዳንት ሊንከን አቤት አሉ።

በጦርነቱ ወቅት ከባርነት አምልጠው ወደ ዋሽንግተን የጎረፉትን ለማከም በ1862 የተቋቋመው ጣቢያ፣ በኋላ “የነፃ ወጪዎች ሆስፒታል” ተባለ። ኦገስታ በ1863 ይህን ሆስፒታል እንዲመሩ ሲሾሙ፣ በአሜሪካ ሆስፒታል ያስተዳደሩ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆኑ። በኅዳር 1868 የሀዋርድ ዩኒቨርስቲ የሕክምና ክፍል ሲከፈትም ከአምስቱ መምህራን አንዱ እርሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ስምንት ብቻ ሲሆኑ ትምህርቱ ለጥቁርም ለነጭም፣ ለወንድም ለሴትም ክፍት ነበር።

በዚህ ትምህርት ቤት ሥርዓት ውስጥ ስደተኛ ወዲያውኑ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ትምህርቱ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ እስከ ማታ ነበር። ምክንያቱም ተማሪዎቹ ቀን በመንግሥት ቢሮና በልዩ ልዩ ሥራ ተቀጥረው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ትምህርት ቤቱ የተማሪውን ኑሮ አይቶ ሰዓቱን አስተካከለ እንጂ፣ ተማሪው ሥራውን ጥሎ እንዲመጣ አላስገደደም። በ1873 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ዩኒቨርስቲው ለሕክምና መምህራን ደመወዝ መክፈል እንደማይችል አስታወቀ። ዶክተር ቻርልስ ፐርቪስን ጨምሮ ጥቂት መምህራን ግን ያለ ደመወዝ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። እነርሱ ያን ቀን “ደህና ሰንብቱ” ብለው ቢሄዱ ኖሮ የሀዋርድ የሕክምና ትምህርት በአምስት ዓመቱ ይቀጭ ነበር።

ሀዋርድ የሕክምና ክፍሉን በከፈተበት በዚያው በ1868 መቅደላ ወደቀች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሞቱ። በዚያ ወቅት ከቤተሰቡ ተለይቶ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ወደ ሕንድ የተወሰደው ሕፃን ወርቅነህ እሸቴ፣ በላሆር ሕክምና ተምሮ በ1882 ሲመረቅ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሐኪም ወርቅነህ ትምህርታቸውን ያገኙት በባዕዳን አሳዳጊዎች በጎ ፈቃድ ነው። የሀዋርድ ተማሪዎች ግን ያገኙት ወገናቸው ባቆመው ተቋም ነበር። የአንድ ሰው ደግነት አንድ ሐኪም ያወጣል። ተቋም ግን ሺዎችን ያወጣል።

የጨው ጋሪው ውለታ

ከሀዋርድ ቀጥሎ በ1876 በቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ የሜሃሪ የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ ስለ ስሙ ሲናገር የሚያወሳው ታሪክ አለ። በ1820ዎቹ ሳሙኤል ሜሃሪ የሚባል ነጭ ወጣት ጨው በጋሪ ጭኖ በኬንታኪ ሲያልፍ ጋሪው ከጭቃ ገባበት። ከባርነት ነፃ የወጡ አንድ ጥቁር ቤተሰብ አሳደሩት፤ ጋሪውንም አውጥተው ሸኙት። ወጣቱ የሚከፍለው ገንዘብ ስላልነበረው “አንድ ቀን ለወገናችሁ እመልሳለሁ” ብሎ ሄደ። ከብዙ ዓመት በኋላ እርሱና አራት ወንድሞቹ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ በገንዘብና በንብረት ሰጥተው ለትምህርት ቤቱ መሠረት ጣሉ። ጨው በአሞሌነቱ ገንዘብ ሆኖ በኖረበት አገር ለተወለደ ሰው የዚህ ውለታ ክብደት አይጠፋውም።

ሁለተኛው በር፦ ማኅበርና ሆስፒታል

ሐኪሞቹ ቢመረቁም ችግሩ አላበቃም። በ1869 ኦገስታ፣ ፐርቪስና ቱከር የተባሉ ሦስት ጥቁር ሐኪሞች የዋሽንግተን የሐኪሞች ማኅበር አባል ለመሆን አመለከቱ። ብቁ መሆናቸውን የካደ አልነበረም፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን ወደቁ። ጥቁርና ነጭ ሐኪሞች በጋራ ሌላ ማኅበር አቋቁመው በ1870 በዚያው ከተማ ለተሰበሰበው የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር ተወካይ ቢልኩም ወንበር ተነፈጋቸው። ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የአገር አቀፉ ማኅበር አባል ለመሆን በቅድሚያ የአካባቢው ማኅበር አባል መሆን ያስፈልግ ነበር። የማኅበር አባል ያልሆነ ሐኪም ደግሞ በብዙ ሆስፒታል በሽተኛውን ማስተኛት አይችልም፤ ከባልደረቦቹም አዲስ ዕውቀት አይቀስምም። የዋሽንግተኑ ማኅበር በሩን ለጥቁር ሐኪሞች የከፈተው ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1952 ነው።

ጥቁር ሐኪሞች መልስ የሰጡት በእሮሮ ብቻ አልነበረም። በ1895 በአትላንታ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው “ብሔራዊ የሐኪሞች ማኅበር” የተባለውን አቋቋሙ። የናሽቪሉ ዶክተር ሮበርት ቦይድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ማኅበሩ ከ1909 ጀምሮ የራሱን የሕክምና መጽሔት ማሳተም ያዘ። በገጠር ብቻውን የሚሠራ ጥቁር ሐኪም በዚያ መጽሔትና በዓመታዊው ጉባኤ አማካይነት ከሙያው ጋር ተገናኝቶ ኖረ። ከ1912 ጀምሮ ደግሞ በአላባማ በተስኪጊ በየዓመቱ ሐኪሞች እየተሰበሰቡ ድሆችን በነፃ ማከምና እርስ በርስ መማማር ጀመሩ።

በቺካጎ ደግሞ ታሪኩ የጀመረው በአንዲት ወጣት ነው። ኤማ ሬይኖልድስ ነርስ ለመሆን ፈልጋ በጥቁርነቷ የትኛውም ትምህርት ቤት አልቀበል አላት። ቄስ የነበረው ወንድሟ ታዋቂውን የቀዶ ጥገና ሐኪም ዳንኤል ሄል ዊሊያምስን እርዳታ ጠየቀ። ዊሊያምስ ለአንዲት ልጅ ደብዳቤ ጽፈው ማለፍ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ሆስፒታልና የነርሶች ማሠልጠኛ እናቋቁም አሉ። ከቤተ ክርስቲያንና ከየቤቱ ገንዘብና ዕቃ ተሰብስቦ፣ ከባለጸጎችም እርዳታ ተጨምሮ፣ በ1891 ፕሮቪደንት ሆስፒታል ተከፈተ። በዚያው ሆስፒታል በ1893 ዶክተር ዊሊያምስ ደረቱን በጩቤ የተወጋ ሰው ከፍተው የልቡን ሽፋን ሰፉ። ሰውዬውም ድኖ ለብዙ ዓመታት ኖረ። ይህ በታሪክ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ የልብ ቀዶ ጥገናዎች አንዱ ነው።

ዱብ ዕዳው ሪፖርት

በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባሉ የትምህርት አዋቂ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች አጥንተው ሪፖርት አወጡ። በዘመኑ ለገንዘብ ብቻ የቆሙ፣ ላቦራቶሪም ሆስፒታልም የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ስለነበሩ ሪፖርቱ ለሕክምና ሙያ መሻሻል አስተዋጽኦ አድርጓል። ለጥቁሮች ግን መዘዝ ይዞ መጣ። በወቅቱ ከነበሩት ሰባት የጥቁር ሕክምና ትምህርት ቤቶች እንዲቆዩ የተመከረው ሀዋርድና ሜሃሪ ብቻ ናቸው። እስከ 1923 አምስቱ ተዘጉ። በሰሜን ካሮላይና ከ1882 ጀምሮ ሐኪሞችን ሲያሠለጥን የነበረው የሌናርድ ትምህርት ቤትም በ1918 ከእነርሱ ጋር ጠፋ።

የነጭ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተዋል። ነጩ ተማሪ ግን ሌላ የሚሄድበት ነበረው፤ ጥቁሩ አልነበረውም። በ2020 የወጣ ጥናት እንደገመተው፣ አምስቱ ትምህርት ቤቶች ባይዘጉ ኖሮ እስከ 2019 ድረስ ከ35 ሺህ በላይ ተጨማሪ ሐኪሞችን ባስመረቁ ነበር። ደረጃ ከፍ ይበል ሲባል፣ ደረጃውን ለመድረስ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደሚነፈግ መጠየቅ ግድ እንደሚል ይህ ቁጥር ያስረዳል።

ሦስተኛው በር፦ ከምረቃ በኋላ

ትምህርቱ ተጠናቆ ዲፕሎማው ቢያዝም፣ በሆስፒታል የተግባር ሥልጠና ያላገኘ ሰው ሙሉ ሐኪም አይሆንም። አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ጥቁር ተመራቂ አይቀበሉም ነበር። በሴንት ሉዊስ ከተማ ጠበቃ ሆመር ፊሊፕስ ለጥቁሮች ሆስፒታል ከከተማው በጀት ገንዘብ እንዲመደብ ታገሉ። ሆስፒታሉ ሳይሠራ በ1931 በሰው እጅ ተገደሉ፤ በ1937 የተከፈተው ሆስፒታል ግን ስማቸውን ይዞ ብዙ ጥቁር ሐኪሞችን አሠለጠነ።

በሀዋርድ ደግሞ ዶክተር ቻርልስ ድሩ ነበሩ። ዓለም የሚያውቃቸው የደም ፕላዝማን ለጦር ሜዳ በማዘጋጀት ሥራቸው ነው። ከ1941 ጀምሮ ግን ዋናው ተግባራቸው የቀዶ ጥገና ሐኪሞችን ማሠልጠን ሆነ። እስከ 1950 ባሉት ዓመታት የቀዶ ጥገና ስፔሻሊስትነት ማረጋገጫ ካገኙት ጥቁር ሐኪሞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእርሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው። ሚያዝያ 1 ቀን 1950 ወደ ተስኪጊው ዓመታዊ የሕክምና ስብሰባ በመኪና ሲጓዙ በመንገድ አደጋ ሞቱ። ዕድሜያቸው ገና 45 ነበር። እኚህ ሰው ለአሜሪካ ደም እንዴት እንደሚቀመጥ አስተምረው ሳለ፣ የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር አባልነት እንደተነፈጋቸው አለፉ።

ኢትዮጵያዊው የሀዋርድ ተማሪ

የሀዋርድ በር ለኢትዮጵያም ተከፍቶ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አሜሪካ የተላከው ወጣት መላኩ በያን፣ በኦሃዮ በማስኪንገም ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ሕክምናን ለማጥናት ወደ ሀዋርድ ገባ። ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር አብሮ ኖረ፤ ጥቁር አሜሪካዊት አገባ። በ1934 ከታሪክ መምህሩ ከዊሊያም ሊዮ ሀንስቤሪ ጋር የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤን ካቋቋሙት አንዱ ነበር። ጣልያን ኢትዮጵያን ሲወር ዶክተር መላኩ በአገራቸው የቆሰለውን ወታደር አከሙ። በ1936 ወደ አሜሪካ ተመልሰው በ1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ። በመላ አሜሪካ እየዞሩ ለስደተኛው ኢትዮጵያዊ ገንዘብ አሰባሰቡ። አገራቸው ነፃ ስትወጣ ሳያዩ በ1940 በኒውዮርክ አረፉ። ጥቁር አሜሪካውያን ለልጆቻቸው ባቆሙት ትምህርት ቤት የተማረ ኢትዮጵያዊ፣ በክፉ ቀን የእነዚያኑ ሰዎች ድጋፍ ለኢትዮጵያ አስተባበረ ማለት ነው።

ግድግዳው ሲፈርስ

በ1946 በቺካጎ ጥቁር ሐኪሞች ለስፔሻሊስትነት እንዲማሩ የሚረዳ ድርጅት ተቋቋመ። በኋላ ብሔራዊ የሕክምና ነፃ ትምህርት ድርጅት በሚል ስም ለብዙ ተማሪዎች ገንዘብ የሰጠው ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ግን የአሜሪካ ምክር ቤት ሆስፒታሎችን በፌዴራል ገንዘብ ለመሥራት ያወጣው ሕግ “ተለያይቶም እኩል ነው” የሚል አንቀጽ ነበረበት። በሰሜን ካሮላይና የጥርስ ሐኪሙ ጆርጅ ሲምኪንስ ከሌሎች ሐኪሞችና በሽተኞች ጋር ሆነው በ1962 በግሪንስቦሮ ሁለት ሆስፒታሎች ላይ ክስ መሠረቱ። በ1963 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ የመንግሥት ገንዘብ የተቀበለ ሆስፒታል በዘር ሊለይ አይችልም ብሎ ፈረደላቸው። በ1966 የአረጋውያን ሕክምና መድን የሆነው ሜዲኬር ሲጀመር፣ ገንዘቡን ለማግኘት የዘር ልዩነትን ማቆም ግዴታ ስለሆነ ሆስፒታሎች በጥቂት ወራት ውስጥ በራቸውን ከፈቱ። በ1964 ደግሞ የሀዋርድና የሜሃሪ ተማሪዎች የራሳቸውን ብሔራዊ የተማሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ ታናናሾቹን ያስጠናል፣ ይመክራል። የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበርም በ2008 ላለፈው በደሉ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ።

ድሉ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ሁሉም በሮች ሲከፈቱ በሽተኛውም ሐኪሙም ወደ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ሄደ፤ የጥቁር ሆስፒታሎች አንድ በአንድ ከሰሙ። የሆመር ፊሊፕስ ሆስፒታል በ1979፣ ፕሮቪደንት በ1987 ተዘጉ፤ ፕሮቪደንት በ1993 በአካባቢው መንግሥት እጅ እንደገና ተከፈተ። ቁጥሩም እንደተጠበቀው አላደገም። በ1978 ሕክምና መማር የጀመሩ ጥቁር ወንዶች 542 ነበሩ፤ ከ36 ዓመት በኋላ በ2014 ቁጥሩ 515 ነበር። ዛሬ ጥቁር ሐኪሞች ከአሜሪካ ሐኪሞች 6 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ የጥቁሮች ብዛት ከሕዝቡ 13 በመቶ ያህል ነው። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዩኒቨርስቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን ከግምት እንዳያስገቡ ከልክሏል።

ከዚህ ታሪክ ምን ይወሰዳል?

የዚህን ታሪክ ሂደት ልብ ላለ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ነው። ግድግዳው ቦታ ይለዋውጣል። መጀመሪያ በትምህርት ቤቱ ደጅ ነበር፤ ቀጥሎ በማኅበሩ፣ ከዚያ በሆስፒታሉ፣ ከዚያም በገንዘቡ ላይ ቆመ። ድጋፉም በየቦታው ተከትሎ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑ የመርከብ ዋጋ ከፈለ፤ መምህሩ ያለ ደመወዝ አስተማረ፤ ሐኪሙ ሆስፒታል አቆመ፤ ጠበቃው ተከራከረ። ከእነርሱ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ድካም መና ይቀር ነበር።

የዛሬው የኢትዮጵያዊ ስደተኛ ግድግዳ የት እንዳለም የታወቀ ነው። ከአገር ቤት ሐኪም ሆኖ የመጣ ሰው፣ የስንት ዓመት ልምድ ቢኖረውም፣ የውጭ ምሩቃንን ማስረጃ የሚመረምረውን ድርጅት አልፎ፣ የፈቃድ ፈተናዎችን ወስዶ፣ በመጨረሻ የሬዚደንሲ ቦታ ማግኘት ይጠበቅበታል። ብዙዎች የሚቀሩት በዚህ በመጨረሻው ደጅ ነው። ቀን ታክሲ እየነዳ ማታ ለሚያጠናው ሐኪም የሚጎድለው ዕውቀት አይደለም። የሚጎድለው ለፈተና መክፈያ የሚሆን ገንዘብ፣ የሚያጠናበት ጊዜና አጠገቡ አቁሞ በአሜሪካ ሆስፒታል አሠራሩን አይቶ የሚመሰክርለት ባልደረባ ነው። ቴነሲ በ2023 ያለ አሜሪካ ሬዚደንሲ በጊዜያዊ ፈቃድ ለመሥራት የሚያስችል ሕግ አውጥታለች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋታል። ይህን በጊዜው አውቆ ለሚመለከተው ሰው መንገርም ራሱ እርዳታ ነው።

እዚህ ተወልዶ ላደገው ልጅ ደግሞ ግድግዳው ሌላ ነው። ለሕክምና ትምህርት ተበድሮ የሚመረቅ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ወደ 200 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ይዞ ይወጣል። ከዚያም በፊት የመግቢያው ፈተና፣ የማመልከቻውና ለቃለ መጠይቅ የመዘጋጃው ወጪ አለ። ወላጆቹ “ዶክተር ሁን” ብለው ቢመርቁትም መንገዱን ስለማያውቁት ሊያሳዩት አይችሉም። መንገዱን የሚያውቁት ቀድመውት ያለፉት ናቸው።

ሠርግና ተዝካር በአንድ ሌሊት ማደራጀት የሚችል፣ ለማያውቀው ሰው አስከሬን መላኪያ በአንድ እሑድ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያዋጣ ሕዝብ፣ ለአንድ ፈተና መክፈያ የሚሆን እቁብ መጣል አያቅተውም። ሬዚደንሲ የጨረሰ ሐኪም በወር አንድ ቅዳሜ ሁለት ታናናሾቹን ተቀብሎ ቢያስጠና፣ ነርሷ በምትሠራበት ሆስፒታል የተከፈተውን ቦታ ብትጠቁም፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ለማታ ጥናት አንድ ክፍል ቢፈቅዱ፣ የሀዋርድ መምህራን በ1873 ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ለሞተ ወገን የሚዋጣው ገንዘብ የሚያስመሰግን ነው። ወገንን በሕይወት ለሚያቆየው ሐኪምም መዋጮ ይገባዋል።